ለቃችሁ የወጣችሁትን ቤት እንዴት ትሸጡታላችሁ? ባዶውን፣ ዕቃ ከቶ፣ ሰው አስገብቶ ወይስ ዋጋ ቀንሶ?

ዕቃችሁን ጭናችሁ ወጥታችኋል። አዲሱ ቤት ገብታችሁ መጋረጃ መስቀል ጀምራችኋል። የድሮው ቤት ቁልፍ ግን አሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ነው፣ ሂሳቡም ወር በወር ይመጣል። እኔም እዚህ ላይ ነበርኩ። በሁለት ወር ይሸጣል ያልኩት ቤት ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ በራሴ ጥፋት የባከኑ ናቸው። ይሄን የምጽፈውም በነዚያ ሦስት ወራት ንዴት ነው።

ምርጫዎቹ በግርድፉ አራት ናቸው። ቤቱን ባዶውን ማሳየት፣ ጥቂት ዕቃ ከቶ ማሳየት፣ ተከራይ ወይም ዘመድ አስገብቶ መጠበቅ፣ ወይም ዋጋ ቀንሶ ቶሎ መገላገል። ሰው ሁሉ ቀጥታ "የቱ ይሻላል?" ይላል። እሱ ትንሽ ይቆይና መጀመሪያ አንድ ቁጥር አውጡ።

ቤቱ በወር ስንት ይበላል?

ወረቀት ያዙና ጻፉ። የባንክ ብድር ካለ ወለዱ (ከዋናው ብድር የሚቀነሰው ወደ እናንተ ስለሚመለስ እሱን ለብቻ አድርጉት)፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ማንም ባይጠቀምበትም የማይቀረው የመብራትና የውሃ ቋሚ ክፍያ፣ ጥበቃ፣ የጋራ ሕንፃ ከሆነ ወርሃዊ መዋጮ፣ ሣር ማጨጃ፣ እናንተ ስትመላለሱ የሚወጣው ነዳጅ ወይም ትራንስፖርት። ከዚህ ሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ የታሰረው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ቢሆን ኖሮ ወለድ ያመጣላችሁ ነበር፣ ወይም የአዲሱን ቤት ዕዳ ያቀልላችሁ ነበር። እሱም ወጪ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ አይታይም።

ድምሩን ከቤቱ ዋጋ ጋር አነጻጽሩት። በወር የዋጋውን 1 በመቶ ይበላል እንበል። ስድስት ወር ብትጠብቁ 6 በመቶ ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ገንዘቡን ይዞ መጥቶ "5 በመቶ ቀንሱልኝ" የሚል ገዢ ሌባ አይደለም፣ ምናልባትም ባለውለታችሁ ነው። ዕዳ የሌለበት፣ በወር 0.3 በመቶ ብቻ የሚበላ ቤት ከሆነ ደግሞ ያችው 5 በመቶ ከ16 ወር በላይ ታስጠብቃችኋለች፣ እና ምን አስቸኮላችሁ? ያው ገዢ፣ ያው ዋጋ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። እኔ ይሄን ሂሳብ የሠራሁት በአራተኛው ወር ነበር። የመጀመሪያውን ገዢ ግን በሦስተኛው ሳምንት ላይ "አልቀንስም" ብዬ ሸኝቼዋለሁ። በመጨረሻ ከሱ ባነሰ ሸጥኩት።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር ነው። በሳምንት አንዴ በሩን ከፍቶ የሚገባ የምታምኑት ሰው አላችሁ ወይስ የላችሁም? ከሌላችሁ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ ከወዲሁ ወድቀዋል ማለት ይቻላል። የትኞቹ እንደሆኑ ከታች ይገባችኋል።

ባዶውን ማሳየት

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገዢ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ ማንም ልብስ አያጥፍም፣ ማንም ልጅ ይዞ አይወጣም። ቀለም ለመቀባት፣ ወለል ለማደስ፣ የተሰነጠቀ ንጣፍ ለመቀየር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቶሎ መግባት የሚፈልግ ገዢም ቁልፉን ወዲያው እንደሚያገኝ ያውቃል፤ እሱ ራሱ መሸጫ ነው።

ጉዳቱ ግን እስክታዩት አይታመንም። ባዶ ክፍል ያንሳል። አልጋ ስለሌለ ሰው "እዚህ አልጋ ይገባል?" ብሎ መገመት አለበት፣ ብዙው ሰው ደግሞ በዓይኑ መለካት አይችልም። ዓይኑ የሚያርፍበት ሲያጣ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ፣ ወደ ኮርኒሱ የውሃ ምልክት፣ ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ ወደ ቀረው ጥላ ይሄዳል። ድምፅም ያስተጋባል። ሰው ሲያወራ የራሱ ድምፅ ሲመለስበት ሳያውቀው ይፈጥናል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጥቶ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው ግን ሰው የማይኖርበት ቤት የሚበላሸው ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የኔ ቤት የሸተተው ለዚህ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቆልመም ያለ ቱቦ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀመጣል፣ የፍሳሹን ጠረን የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ማንም ካልተጠቀመ በሳምንታት ውስጥ ተንኖ ያልቃል፣ ከዚያ የፍሳሹ አየር ቀጥታ ወደ ቤት ይገባል። የሻወር ወለል መውረጃውም እንደዚያው። እኔ ቱቦ ፈንድቷል ብዬ ባለሙያ ጠራሁ፤ ሰውየው አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰና ሂሳቡን ተቀብሎኝ ሄደ። መፍትሔው እንግዲህ ይሄው ነው፦ በየሁለት ሳምንቱ በሁሉም መውረጃዎች ውሃ ማፍሰስ፣ ሽንት ቤቱን መልቀቅ። ለረጅም ጊዜ የምትርቁ ከሆነ ከውሃው በኋላ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ላዩ ላይ ተንሳፎ ትነቱን ያዘገየዋል።

ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በዓመት ከ10,000 ሊትር በላይ ያፈሳል። ሰው ያለበት ቤት ሲሆን በማግስቱ ይታያል፤ ባዶ ቤት ሲሆን ግን ወለሉ ካበጠ በኋላ ነው። የረጠበ እንጨትና ግድግዳ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መጀመሩ ነው። ስለዚህ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ፣ ሰው ሲመጣ ክፈቱ። ውርጭ ባለበት አገር ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል፣ ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቱቦ ይሰነጥቃል፤ ወይ ቱቦዎቹን ጨርሶ ማድረቅ ወይ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጎ (12 ወይም 13 ዲግሪ አካባቢ) መተው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለባዶ ቤት የተባለ ይመስለኛል።

ማቀዝቀዣውን ከነቀላችሁ በሩን ክፍት ተዉት። ከዘጋችሁት አንድ ቀን ገዢ ይከፍተዋልና በዚያ ሽታ ሽያጩ ይቀራል። የቁም ሳጥኖችንም በር ገርበብ አድርጉ። የጭስ ማስጠንቀቂያ ካለ ባትሪውን ቀይሩ፣ ባዶ ቤት ውስጥ በየደቂቃው ጢው የሚል ነገር ገዢን እንዴት እንደሚያባርር አይቻለሁ።

መብራትና ውሃ ግን አታስቆርጡ። ብዙ ሰው ወጪ ለመቀነስ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፣ የመጨረሻው መሆን ነበረበት። ገዢው መሐንዲስ ይዞ ሲመጣ ቧንቧው ይሠራል፣ ሶኬቱ ይሠራል ብሎ መሞከር አለበት። የማይሞከር ነገር ሁሉ በዋጋው ድርድር ላይ "እንደተበላሸ" ይቆጠርባችኋል።

አሁን ደግሞ ኢንሹራንስ። ውሉን አውጡና "ባዶ" የሚለውን ቃል ፈልጉ። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን፣ ሰው ካልኖረበት ሽፋኑን ይቀንሳሉ ወይም የውሃ ጉዳትና ስርቆት አንከፍልም ይላሉ። እናንተ በየወሩ እየከፈላችሁ ቤቱ ግን ያለ መድን ሊቀመጥ ይችላል። ድርጅቱ ጋ ደውሉና ቤቱ ባዶ መሆኑን ንገሩ፤ ሊጨምሩባችሁ ይችላሉ፣ ይጨምሩ። ብዙዎቹ በየስንት ቀኑ ሰው ገብቶ እንዲያይ ያስገድዳሉ፣ እዚያ ላይ ነው ያ ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው።

ጥቂት ዕቃ ከቶ ማሳየት

ሙሉ ቤት ማልበስ አያስፈልግም። ሳሎኑ፣ ዋናው መኝታ ክፍል፣ እና ለምን እንደሚሆን ግራ የሚያጋባው ክፍል፤ በቃ። ያቺን ጠባብ ክፍል አንድ ጠረጴዛና ወንበር አስገብታችሁ ብታሳዩአት "የሥራ ክፍል" ትባላለች፣ ባዶዋን ካሳያችኋት "ዕቃ ቤት" ነው የምትባለው። ምንጣፍና መጋረጃ ብቻ እንኳን ያንን ማስተጋባት ይገድሉታል።

ዕቃ የሚያከራዩ ድርጅቶች ባሉበት በወር መከራየት ይቻላል፣ ግን ያ ክፍያ መጀመሪያ ያወጣችሁት ወርሃዊ ቁጥር ላይ ይጨመራል። ውሉ ለሦስት ወር ከሆነና በአንድ ወር ከሸጣችሁ የቀረውን ትከፍሉ እንደሆነ ጠይቁ። ለኔ ከሁሉ የሚሻለው ገና ሳትወጡ ማሰብ ነው፦ ልትጥሉት ወይም ልትሸጡት ያሰባችሁትን ሶፋ እዚያው ተዉትና ቤቱ ሲሸጥ ሸኙት። ውድ ነገር ግን አትተዉ። ቴሌቪዥን ያለበት ባዶ ቤት የሌባ ግብዣ ነው።

በኮምፒውተር ዕቃ የተጨመረበት ፎቶስ? ርካሽ ነው፣ ሰው ደጃፍ ድረስ ያመጣል። ችግሩ ደጃፉ ላይ ነው የሚጀምረው። በፎቶ ያየው ሞቅ ያለ ሳሎን ሲገባ ቀዝቃዛ ባዶ አዳራሽ ሆኖ ሲያገኘው የተታለለ ይመስለዋል፣ የተታለለ ሰው ደግሞ ዋጋ ሲጠራ እጁ ያጥራል። ከተጠቀማችሁበት ዕቃው የተሳለ መሆኑን ፎቶው ላይ ጻፉ፣ የባዶውንም ፎቶ አብራችሁ አውጡ። ስንጥቅ መሸፈን ግን በፍጹም፣ እሱ ማስዋብ ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ሰው አስገብቶ መጠበቅ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይወራሉ። ዘመድ ወይም ጓደኛ "እስኪሸጥ ቤቱን ጠብቅልን" ብሎ ማስገባት አንድ ነገር ነው። ተከራይ ማስገባት ሌላ ነው።

ዘመድ ጥሩ ነው። መብራት ይበራል፣ ቧንቧ ይከፈታል፣ ሌባም ይፈራል። ግን አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፦ በነጻ ወይም በምን ያህል እንደገባ፣ ገዢ ሲመጣ እንደሚያሳይ፣ ሲሸጥ በስንት ቀን እንደሚወጣ። "ዘመድ ሆነን ደግሞ ወረቀት?" የሚል ካለ እሱኑ አታስገቡት። ቤቱ ሲሸጥ አልወጣም ያለ ዘመድ ከማንኛውም ተከራይ ይከብዳል፣ ተከራይ ቢያንስ በዓል ላይ አይመጣም።

ተከራይ ገንዘብ ያመጣል፣ ያ ወርሃዊ ቁጥር ዜሮ ሊደርስ ወይም ወደ ትርፍ ሊገለበጥ ይችላል። ግን ምን እንደምትከፍሉበት እወቁ። በብዙ አገር ሕግ ቤቱ ሲሸጥ የኪራይ ውሉ አብሮ ወደ ገዢው ይተላለፋል፤ ገዢው ተከራዩን በማግስቱ አያስወጣም። ስለዚህ ቤቱን ራሱ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚከፍለው፣ ፊቱን ያዞራል። የሚቀራችሁ አከራይቶ ሊበላ የሚገዛው ነው። እሱ ደግሞ ቤቱን በዓይኑ ሳይሆን በካልኩሌተር ነው የሚያየው፤ የዓመቱን ኪራይ ለዋጋው አካፍሎ ስንት በመቶ ይገባኛል ይላል። በርካሽ ካከራያችሁት ቤታችሁን በርካሽ ዋጋ ሰጥታችሁታል ማለት ነው።

ተከራዩስ? ቤቱ እንዲሸጥ ምንም ምክንያት የለውም፣ ሲሸጥ ሊወጣ ነውና። ገዢ ሲመጣ አልጋው አልተነጠፈም፣ ዕቃው አልታጠበም፣ "ዛሬ አይመቸኝም" ይላል። አልፈርድበትም፣ ቤቱ ነው። መፍትሔው ከሽያጩ ጥቅም እንዲኖረው ማድረግ ነው፦ በማሳያ ጊዜው ኪራይ ቀንሱለት፣ ሲሸጥ የመዛወሪያ ወጪውን እንደምትችሉለት በውሉ ላይ አስፍሩ። የግብሩም ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲቀየር ሲሸጥ የሚከፈለው ግብር የሚቀየርበት አገር ብዙ ነው፣ ከማከራየታችሁ በፊት የሒሳብ ባለሙያ አንድ ሰዓት አማክሩ።

ስለዚህ ማከራየትን የምመክረው ገበያው ስለሞተ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ለመጠበቅ ለወሰነ ሰው ነው። "እስኪሸጥ ድረስ" ብሎ ማከራየት ግን ሁለት ጥንቸል ማባረር ነው፣ ሁለቱም ያመልጣሉ።

ዋጋ ቀንሶ መገላገል

ገንዘብ ይዘው የሚዞሩ ገዢዎች አሉ። ባለበት ሁኔታ እንገዛለን፣ ጥገና አንጠይቅም፣ ብድር አንጠብቅም ይላሉ። ለዚህ ነው ቀንሰው የሚሰጡት፣ እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ነው። አንዳንዴም ጥሩ ነው፦ ቤቱ ትልቅ ጥገና የሚፈልግ ከሆነ፣ ወራሾች ተጨቃጭቀው ማንም ለጣሪያው አላዋጣም ካለ፣ ወይም ወርሃዊ ቁጥራችሁ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ። ግን ሦስት ነገር ሳታደርጉ አትፈርሙ። ቤቱን በማያውቃችሁ ገማች አስገምቱ። ቢያንስ ከሁለት ገዢ ዋጋ ተቀበሉ። ገዢው ገንዘቡ እንዳለው በባንክ ማስረጃ አሳዩኝ በሉ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ውል አስፈርሞ ቤታችሁን ለሌላ ሰው አትርፎ የሚያዞር ነው፣ ሌላ ሰው ካላገኘ ደግሞ "ጥናታችን ላይ ችግር አገኘን" ብሎ ይሸሻል፤ እስከዚያ ሁለት ወራችሁ ሄዷል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ማንኛውም ገዢ "ለምን ትሸጣላችሁ? መቼ ወጣችሁ?" ሲል የሆዳችሁን አትዘርግፉ። "ሌላ ቤት ገብተናል፣ ሁለቱን መክፈል ከበደን" ያለ ሻጭ ዋጋውን ራሱ ቀንሷል። አትዋሹ፣ ግን "ወጥተናል፣ ቤቱ ለመግባት ዝግጁ ነው" ይበቃል።

ደላላውና ውክልናው

ሩቅ ከሆናችሁ ያለ ደላላ መሸጥ አድካሚ ነው፣ ቁልፍ ይዞ የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋችኋልና። ደላላ ስትመርጡ ከኮሚሽኑ ይልቅ "በሳምንት ስንቴ ቤቱ ትገባለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁልፍ ለስንት ሰው እንደሰጣችሁ ጻፉ፤ ሲሸጥ ሁሉም ይመለስ።

ውክልና የምትሰጡ ከሆነ ሁሉን የሚያስችል ውክልና አትስጡ። ቤቱን ማሳየት፣ መደራደር፣ ከዚህ ዋጋ በታች ያልሆነ ውል መፈረም፤ እነዚህ ተለይተው ይጻፉ። ገንዘቡ ግን በእናንተ ስም ወዳለ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ ይጻፍ።

ባዶ ቤት አጭበርባሪም ይወዳል። የማስታወቂያችሁን ፎቶ ወስዶ "የሚከራይ ቤት" ብሎ ለጥፎ ከሰው ቀብድ የሚሰበስብ አለ፤ የምታውቁት ምስኪኑ ሰውዬ ዕቃውን ጭኖ በራችሁ ላይ ሲቆም ነው። በየሳምንቱ የቤታችሁን አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ለጎረቤት ስልካችሁን ስጡ። ደጃፍ ላይ የሚከመር ፖስታና ማስታወቂያ ይነሣ፣ አንድ ሁለት አምፖል በሰዓት ቆጣሪ ማታ ማታ ይብራ።

እኔ ብሆን

በሳምንት አንዴ የሚገባ ሰው ካላችሁና ወርሃዊ ቁጥሩ ከተቻለ፦ ቀለም ቀቡ፣ ሦስቱን ክፍል አልብሱ፣ በትክክለኛ ዋጋ አውጡት። ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚያየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ስለዚህ "ከፍ አድርገን ጀምረን እንቀንሳለን" የሚለው ጨዋታ ለባዶ ቤት አይሆንም። ወራት የተንጠለጠለ ቤት ሲሆን ሰው ቤቱን ትቶ "ምን ነክቶት ነው ያልተሸጠው?" ይጀምራል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰው እየመጣ ዋጋ የሚሰጥ ከሌለ ቤቱን ደግማችሁ እዩት፣ ሰው ጭራሽ ካልመጣ ግን ዋጋው ነው።

የሚገባ ሰው ከሌላችሁ ባዶውንም ዕቃ ከቶም አትተዉት። ወይ የምታምኑትን ሰው በወረቀት አስገቡ፣ ወይ ቀንሳችሁ ሽጡ። ወርሃዊው ቁጥር ከባድ ከሆነ ሁለተኛው፣ ቀላል ከሆነ አንደኛው።

ገዢ ተገኝቶ ውል ስትፈርሙ ደግሞ ቆጣሪዎቹን ፎቶ አንሡ፣ ኢንሹራንሱን ግን ስም ተዛውሮ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ እስኪገባ አታቋርጡ። እኔ ውል በተፈረመ ማግስት አቋረጥኩት፤ ስም እስኪዛወር ሌላ አምስት ሳምንት ፈጀ፣ በዚያ መሐል ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከእንቅልፌ እየተነሣሁ መስኮት ላይ እቆም ነበር።